ድራይቨር መጻፍ ከየት ይጀመራል? የኮምቦልቻው ሚዛን ያስነሣው ክርክር

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያነሣው ኮምቦልቻ የሚኖር ወጣት ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ የአጎቱን የእህል መጋዘን ሒሳብ ይይዛል። መጋዘኑ ውስጥ ባለ ዘጠኝ እግር ሲሪያል መሰኪያ ያለው የኤሌክትሮኒክ ሚዛን አለ። ከሚዛኑ ጋር የመጣው ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ብቻ ነበር። ያ ኮምፒውተር ከተበላሸ ወዲህ የእያንዳንዱ ጆንያ ክብደት በእጅ ይጻፋል፣ ማታ ይደመራል፣ ከደረሰኙ ጋር አልገጥም ይላል፣ ጭቅጭቅ ይነሣል። በልጁ እጅ ያለው ኡቡንቱ 14.04 የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት የተጫነበት ባለ 32 ቢት አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከደሴ የገዛው ሲሪያልን ወደ ዩኤስቢ የሚለውጥ ገመድ፣ ሲ በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መጠነኛ ዕውቀትም ነው። የጠየቀው ሁለት ነገር ነበር። ለዚህ ሚዛን የሊኑክስ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ለመጻፍ ከየት ይጀመራል? ደግሞስ ኮምቦልቻ ተቀምጦ፣ አጠገቡ የሚያስተምረው ሰው ሳይኖር፣ ይህን ሙያ መልመድ ይቻላል?

እኔ ደሴ ሆኜ ክሩን፣ ማለትም በጥያቄው ሥር የተከታተሉትን ምላሾች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ፤ አንዱ ምላሽም የእኔ ነው። ስለ ድራይቨር አጻጻፍ በአማርኛ የሚነበብ ነገር ጥቂት በመሆኑ፣ የተባለው ሁሉ በምላሾች መካከል ተበታትኖ እንዳይቀር በራሴ አነጋገር በቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ።

የመጀመሪያው ምላሽ የመጣው ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ኮምፒውተር ከሚጠግን ሰው ነው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ፣ ልጁን በርታ ብሎ፣ የሚዛኑን ሞዴል ቁጥር ፈልጎ ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ እንዲያወርድ መከረው። ቅን ምክር ነው፤ ግን የተጠየቀው ማውረድ ሳይሆን መጻፍ ነበር። 2ኛው ምላሽ ምርቃት ብቻ ነው።

3ኛው ስለት ነበረው። ጸሐፊው ኮምቦልቻ ውስጥ በፋብሪካ ማሽን ጥገና የኖረ መሐንዲስ ነው። ሚዛን ድራይቨር አያስፈልገውም አለ። ሚዛኑ በገመዱ ላይ ፊደልና ቁጥር ከመርጨት በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ድራይቨር የሚፈልገው መለወጫው ገመድ ውስጥ ያለው ቺፕ ነው፤ የእሱ ድራይቨር ደግሞ ከሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። ገመዱ ሲሰካ በመሣሪያዎች ማውጫ ሥር ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0 የሚባል ፋይል ይፈጠራል፤ እሱን ከፍቶ፣ ፍጥነቱን 9600 አድርጎ ማንበብ ብቻ ነው። በዚህ ቢያቆም መልካም ነበር። ማንዋል ማንበብ ሳይለምዱ ድራይቨር ልጻፍ ማለት የዘመኑ ወጣቶች በሽታ ነው ብሎ ጨመረበት።

ልጁ አልተቀየመም። በ4ኛው ላይ ጋሼ ብሎ አመስግኖ፣ እንደተባለው ሞክሮ ያየውን አመጣ። ቁጥር ይመጣል፤ ግን ግማሹ ፊደሉ የማይታወቅ ምልክት ሆኖ ነው የሚመጣው። 50 ኪሎ ሲጫን በትክክል ይነበባል። 48 ኪሎ ሲሆን ሁለቱም አኃዞች ይበላሻሉ። የተለያየ ክብደት እያስቀመጠ ሲያጣራ 0፣ 3፣ 5፣ 6 እና 9 ሁልጊዜ ደህና ናቸው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 8 ሁልጊዜ የተበላሹ ናቸው።

እዚህ ላይ ግምቱ ጎረፈ። 5ኛው ገመዱን ጣለው አለ። 6ኛው ፍጥነቱ ተሳስቶ ይሆናል አለ። 7ኛው በጨዋ ቋንቋ አረመው፤ ፍጥነት ቢሳሳት ኖሮ ከአሥሩ አኃዝ አምስቱ በየጊዜው ሳይዛነፉ ትክክል ሊመጡ አይችሉም። 8ኛው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ተራራ በላይ ያለው ብርድ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ያበላሻል ሲል፣ ሚዛኑ ያለው ከሐረጎ በታች፣ ኮምቦልቻ ውስጥ መሆኑን ሁለት ሰዎች ወዲያው አስታወሱት።

ነገሩን የፈታው 9ኛው ምላሽ ነው። የጻፈችው ደሴ ውስጥ በኮሌጅ የምታስተምር መምህርት ናት። አስቀድማ ልጁን አመሰገነችው፤ የተበላሸውን ብቻ ሳይሆን ያልተበላሸውንም ለይቶ በማቅረቡ መልሱ እጁ ላይ እንዳለ ነገረችው። ከዚያ አኃዞቹን ወደ ሁለትዮሽ ፈታቻቸው። ኮምፒውተር ፊደልና አኃዝን በቁጥር በሚወክልበት በአስኪ ሠንጠረዥ 0 የሚጻፈው 0110000 ተብሎ ነው፤ በውስጡ ሁለት አንዶች አሉ። 3 ደግሞ 0110011 ነው፤ አራት አንዶች። 5፣ 6 እና 9ም እንደዚሁ አራት አራት አላቸው። ወደ ተበላሹት ስንመጣ 1 የሚጻፈው 0110001 ተብሎ ሲሆን አንዶቹ ሦስት ናቸው፤ 2፣ 4 እና 8 ሦስት ሦስት፣ 7 አምስት። ደህና የመጡት ሁሉ የአንዶቻቸው ብዛት ተጋማሽ ነው፤ የተበላሹት ሁሉ ኢተጋማሽ። እንግዲህ ሚዛኑ የሚልከው በ7 ቢት ነው፤ ስምንተኛዋ ቢት የአንዶቹ ብዛት ምንጊዜም ተጋማሽ እንዲሆን የምትጨመር መቆጣጠሪያ፣ ፓሪቲ የምትባለው ናት። ላፕቶፑ ግን ስምንቱንም ቢት የፊደሉ አካል አድርጎ ያነባል። ስለዚህ 1 ቁጥር 49 መሆኑ ቀርቶ 128 ተጨምሮበት 177 ሆኖ ይደርሳል፤ በ177 ቦታ ደግሞ አስኪ ውስጥ ምንም ፊደል የለም።

እንዲህ ያለ ማብራሪያ ሳነብ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ሚዛኑን አላየችውም፣ ገመዱን አልነካችውም፤ ከአሥር አኃዞች ዝርዝር ብቻ የሽቦውን ቋንቋ አነበበችው። ድራይቨር መጻፍ የሚጠይቀው ዋናው ችሎታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሲ ቋንቋ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

10ኛው ላይ መሐንዲሱ ተመልሶ መጣ። መምህርቷ ትክክል ናት፤ በኤስቲቲዋይ ትእዛዝ 7 ቢትና ተጋማሽ ፓሪቲ ብለህ አስተካክለው አለ። 11ኛው ላይ ልጁ አስተካክሎ ምንም ለውጥ እንዳላየ ጻፈ። 12ኛው ላይ መሐንዲሱ ትእዛዙን አሳስተህ ጽፈሃል፣ ደግመህ አንብብ አለው፤ ድምፁ ከፍ ብሏል። 13ኛው ላይ ልጁ፣ ትሕትናው ሳይጎድል፣ ቅንብሩን መልሶ ሲጠይቅ ኮምፒውተሩ 7 ቢትና ተጋማሽ ፓሪቲ መሆኑን እንደሚያረጋግጥለት፣ የሚመጣው ፊደል ግን ያው እንደሆነ አሳየ። ትእዛዙ ተቀባይነት አግኝቷል፤ የታዘዘው ግን አልተፈጸመም።

14ኛው የእኔ ነው። ልጁም መሐንዲሱም ትክክል ከሆኑ የቀረው ተጠርጣሪ መሐል ያለው ድራይቨር መሆኑን ጻፍሁ። ተጠቃሚው በፋይሉ ላይ የሚያደርገው ቅንብር የሊኑክስ እምብርት በሆነው በከርነሉ ውስጥ ባለው የተርሚናል ክፍል አልፎ ድራይቨሩ ውስጥ ወዳለው አንድ ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ይደርሳል፤ ያንን ወደ ቺፑ ሬጅስተር፣ ቺፑ ቅንብሩን ወደሚይዝበት ትንሽ ቦታ፣ መጻፍ የድራይቨሩ ፋንታ ነው። በልጁ ገመድ ውስጥ ያለው ቺፕ ሲኤች 340 ነው፤ በብዙ ርካሽ ገመዶች ውስጥ የሚገኝ ነው። የሱ ድራይቨር አንድ ፋይል ነው፤ በኡቡንቱ 14.04 ከርነል፣ ማለትም በ3.13 ውስጥ ሺህ መስመር አይሞላም። ፋይሉን አውርዶ የመስመር ቅንብር የሚቀበለውን ፈንክሽን ብቻ እንዲያነብ፣ ሌላውን እንዲተው መከርሁት።

በ15ኛው ምላሽ የልጁ ደስታ ከጽሑፉ ይፈልቅ ነበር። ፈንክሽኑን አግኝቶ ሲያነብ ፍጥነት የሚቀይር ኮድ አለ፤ ከዚያ በታች ደራሲዎቹ የዳታ ቢት ብዛት፣ ፓሪቲና ማቆሚያ ቢት ገና አልተሠሩም ብለው ማስታወሻ ትተዋል። ሥራው እንዳልተሠራ በግልጽ ተጽፏል፤ ለዓመታት እዚያው ተቀምጧል። ልጁ የጠየቀው ድራይቨር መጻፍ ነበር፤ የሚጻፍ ነገር ራሱ መጥቶ ፊቱ ቆመ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሁለት ወገን ሆነ።

16ኛው የመሐንዲሱ ነው፤ ፍትሕ መስጠት ስላለብኝ በደንብ ልዘርዝረው። ድራይቨሩን መንካት አያስፈልግም አለ። 7 ቢት ከአንድ ፓሪቲ ጋር 8 ነው፤ ፓሪቲ የሌለው 8 ቢትም 8 ነው፤ መጀመሪያና ማቆሚያ ቢት ሲጨመር ሁለቱም በሽቦው ላይ 10 ቢት ይሆናሉ። ስለዚህ ምንም የጠፋ ነገር የለም። በሚያነበው ፕሮግራም ውስጥ የደረሰው ቁጥር ከ127 ከበለጠ 128 መቀነስ ነው፤ አንድ መስመር። ልጁ ያችን መስመር ጨምሮ ያን ዕለት ማታውኑ መጋዘኑ ውስጥ ክብደት በኮምፒውተር ተመዘገበ። የአጎትየውን ችግር የፈታው መሐንዲሱ ነው።

17ኛው ሌላ መንገድ አመጣ። በአዲሱ ከርነል ውስጥ የዚህ ቺፕ ድራይቨር ፓሪቲን ስለሚያውቅ አዲስ ሊኑክስ ጫን አለ። ወዲያው በ18ኛው ኡቡንቱ ለ32 ቢት ኮምፒውተር መዘጋጀት ካቆመ ቆይቷል የሚል እርማት ተከተለ፤ ሌላው የሊኑክስ ሥርዓት ዴቢያን 12 ግን ለ32 ቢትም ስላለ እሱ ይሻላል ተባለ።

ልጁ በ19ኛው ሁሉንም አመስግኖ፣ ሚዛኑ ቢሠራም ድራይቨሩን ራሱ ማስተካከል እንደሚፈልግ ተናገረ። እሳቱን የጫረው ይህ ነው። መሐንዲሱ በ20ኛው፣ የተሠራን ነገር ደግሞ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው፣ ደሴ ውስጥም ሆነ ኮምቦልቻ ድራይቨር ጻፍልኝ ብሎ ገንዘብ የሚከፍል ሰው የለም፣ ይልቅ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ፋብሪካዎች የሚፈልጉትን የማሽን መቆጣጠሪያ ተማር አለ። 21ኛው፣ የቋንቋው ጥራት ያስታውቃል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ወጣቱን ተስፋ ማስቆረጥ ነውር ነው ብሎ ገሠጸው። 22ኛው መሐንዲሱን ደግፎ ዳቦና ትርፍ ጊዜ የተለያዩ ናቸው አለ። 23ኛው የሊኑክስ ፋውንዴሽን በርቀት የሚሰጠው የከርነል ልምምድ እንዳለ፣ የከርነል ማሻሻያ የሚላከው በተራ ኢሜይል በመሆኑ የላኪው ከተማ እንደማይጠየቅ፣ የሚጠየቀው የኮዱ ጥራት ብቻ እንደሆነ ጻፈ።

24ኛው ላይ የቧንቧ ውሃው ጠጋኝ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ይዞ ነው የመጣው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ብዙ ንብረት ካጡ በኋላ ሱቆች እንደገና ሲከፈቱ ሰዎች በየጓዳው የቀረ አሮጌ ማተሚያ እያወጡ ያመጡለት ነበር። ብዙዎቹ አምራቹ ለአዲሱ ዊንዶውስ ድራይቨር ያልሠራላቸው ናቸው። ሊኑክስ ላይ ሲሰካቸው ግን ብዙዎቹ ሠሩ፤ ምክንያቱም የሆነ አገር ያለ የማያውቀው ሰው ድራይቨሩን ጽፎ፣ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ትቶታል። እሱ ኮድ አይጽፍም፤ ግን በዚያ ሥራ ቤተሰብ አስተዳድሯል።

ለዚህ መልስ የሰጠው የለም። 25ኛው ታሪኩን ወደ ኋላ ወሰደው። ፕሮግራም ጸሐፊው ሪቻርድ ስቶልማን በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ ለማተሚያው ሶፍትዌር ኮድ ጠይቆ መከልከሉ ነፃ ሶፍትዌር የሚለውን ሐሳብ ካነሣሡት ነገሮች አንዱ እንደነበር፣ ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ለመሥራት የተነሣውን የግኑን ፕሮጀክትም እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳወጀ አስታወሰ። ዛሬ ከሊኑክስ ከርነል ኮድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር ነው።

26ኛው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በቦታው የገባ ማስጠንቀቂያ። በከርነል ውስጥ የሚሠራ ኮድ ሲሳሳት ራሱ ብቻ አይወድቅም፤ ኮምፒውተሩን ይዞ ይወድቃል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በላከው የተበላሸ ማዘመኛ ፋይል ምክንያት በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ያለው ድራይቨሩ ከተፈቀደለት የማስታወሻ ክልል ውጭ አነበበ፤ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቆሙ፤ አውሮፕላኖችም ከበረራ ቀሩ። ጸሐፊው የመከረው የመጋዘኑ ሒሳብ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ከርነል እንዳይነካ ነው። ከልቤ የምስማማበት ምክር ነው።

27ኛው ሁሉም የጠበቀው የመምህርቷ ሁለተኛ ምላሽ ነው። የሁለቱንም ወገን አከበረች። የመሐንዲሱ መፍትሔ ለሚዛኑ ትክክለኛው ቦታ ነው አለች፤ ክብደት ማንበብ፣ ነጥብ ያለው ቁጥር ማስላት፣ ደረሰኝ ማውጣት የተጠቃሚ ፕሮግራም ሥራ ነው፤ ከርነሉ ውስጥማ ባለ ነጥብ ቁጥር በተለምዶ አይሠራበትም። መማር ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ መንገዱን ዘረጋችለት።

በመጀመሪያ ባዶ ሞጁል፣ ማለትም ወደ ከርነሉ የሚጫን ቁራጭ ኮድ፤ ሲጫን አንድ መስመር ወደ ከርነል መዝገብ የሚጽፍ፣ ሲወጣ ሌላ መስመር የሚጽፍ። የሚጫነው በኢንስሞድ፣ የሚወጣው በአርኤምሞድ፣ የጻፈው የሚታየው በዲመሴጅ ነው። የለመደው ፕሪንትኤፍ እዚያ የለም፤ የሲ ቤተ መጻሕፍቱ በሙሉ የለም። ፈቃዱን ጂፒኤል፣ የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ፣ ብሎ ካላስታወቀ ከርነሉ ራሱን የተበከለ ብሎ ይመዘግባል፤ የተወሰኑ ፈንክሽኖችንም ይነሣዋል። ሁለተኛ፣ ሊከፈት፣ ሊነበብና ሊጻፍበት የሚችል የመሣሪያ ፋይል የሚፈጥር ትንሽ ድራይቨር። እዚህ ላይ ረጅም ቆይታ ነበራት። ከተጠቃሚው ፕሮግራም የመጣን የማስታወሻ አድራሻ ድራይቨር በቀጥታ መንካት የለበትም፤ አድራሻው የውሸት ሊሆን ይችላል፣ የሌላ ሰው ምስጢር ያለበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ተብለው የተሠሩትን ሁለት የመገልበጫ ፈንክሽኖች መጠቀም፣ የመለሱትንም መፈተሽ ግዴታ ነው። ተማሪዎቿ ከሁሉ በላይ የሚዘነጉት ይህን እንደሆነ ጻፈች።

ሦስተኛው ደረጃ የልጁ የራሱ ጉዳይ ነው። የአሮጌውን ድራይቨር ፋይል ወደ ራሱ ማውጫ ገልብጦ፣ ከአዲሱ ከርነል ፋይል ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን እንዲያነብ። አዲሱ ድራይቨር መስመሩን የሚያስተካክለው በቺፑ ውስጥ ባለ አንድ የመቆጣጠሪያ ሬጅስተር ነው፤ እያንዳንዷ ቢት የራሷ ሥራ አላት። 128 መቀበያውን ያበራል፣ 64 መላኪያውን፣ 3 ዳታውን 8 ቢት ያደርገዋል፤ ድምሩ 195፣ የተለመደው ቅንብር። ለሚዛኑ በ3 ፋንታ 2 ይገባል፤ ይህ 7 ቢት ነው። 8 ፓሪቲን ያበራል፣ 16 ተጋማሽ ያደርገዋል። 128፣ 64፣ 16፣ 8 እና 2 ሲደመሩ 218። ያ ሁሉ ክርክር በመጨረሻ 195 መጻፍና 218 መጻፍ ላይ ያረፈ ልዩነት ነበር። በሬጅስተር ላይ ያለውን ይህን ዓይነት ሒሳብ በወረቀት ሠርቶ ያየ ሰው ድራይቨር ከዚያ ወዲያ አያስፈራውም።

28ኛው ራስት የተባለውን አዲስ ቋንቋ ለምን አይማርም ሲል ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ማብቂያ ጀምሮ፣ ከከርነል 6.1 ወዲህ ገብቷልና። መምህርቷ በአጭሩ ይማር፣ ነገር ግን የሚያነባቸው ድራይቨሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በሲ የተጻፉ ስለሆኑ ሲ ይቅደም አለች።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ፤ የሳተበት መንገድ ግን የሚያስቆጭ አይደለም። 29ኛው የግእዝ ፊደል ለመጻፍ የኪቦርድ ድራይቨር መሥራት ያስፈልጋል ወይ ብሎ ጠየቀ። 30ኛው አያስፈልግም አለ፤ ኪቦርድ የሚልከው የተነካውን ቁልፍ ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ሁለት ቁልፍ ተነክቶ ላ ወይም ሉ የሚሆነው ከከርነሉ በላይ ባለ የፊደል ማስገቢያ ፕሮግራም ነው። 31ኛው ግን ጉዳዩን ወደ ከርነል መለሰው። የሊኑክስ ጥቁሩ የጽሑፍ ስክሪን፣ መስኮት የሌለው፣ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው 512 የፊደል ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት የጋራ ሠንጠረዥ በሆነው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው የኢትዮጵያ ፊደል ዋና ክልል 384 ቦታ አለው፤ ሁሉም አልተሞሉም። 128ቱን የአስኪ ቦታዎች ጨምርበት፤ 512። ልክ ልኩን። ጸሐፊው ይህን ሲያሰላ ሌሊት መሆኑን ከሰዓቱ አይቻለሁ። 32ኛው፣ 512 ቅርጽ ሲያዝ በአሮጌው የቪጂኤ የጽሑፍ ስክሪን የፊደሉ ቀለም ምርጫ ከ16 ወደ 8 ይወርዳል አለ። 33ኛው ቀለም ለምኔ፣ ዋናው በራስ ፊደል መነበቡ ነው ብሎ መለሰ። አንድ ሰው ይህን ሥራ ይዞ ቢቀጥልበት እጅግ ደስ ይለኛል።

34ኛው ላይ ልጁ ተመለሰ። ከመምህርቷ ምክር በኋላ ዴቢያን 12 ሌላ ዲስክ ላይ ጭኗል፤ ኡቡንቱውን ግን ለሥራው ሲል አልነካውም። የከርነል ራስጌ ፋይሎችን አውርዶ፣ የአሮጌውን ድራይቨር ግልባጭ አሻሽሎ ገንብቷል። ግንባታው መሐል መብራት ሄዶበት ፋይሉ ግማሽ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ ደግሞ አስነሣው። የቆየውን ሞጁል አውጥቶ የራሱን ሲጭን፣ ያችን 128 የምትቀንስ መስመር ከፕሮግራሙ አጥፍቶ 48 ኪሎ ጆንያ ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጥ፣ 48 ተነበበ። በድራይቨሩ በኩል ያለፈ 48።

35ኛው የመሐንዲሱ ነው። አልተከራከረም። ያሻሻለውን ፋይል እንዲያሳየው ጠየቀ፤ አይቶም አንድ ጥያቄ አቀረበ። ተጠቃሚው 5 ቢት ወይም 6 ቢት ቢጠይቅ ድራይቨሩ ምን ያደርጋል? ልጁ የጻፈው 7ንና 8ን ብቻ ነበር። ይህ ከባድ ሰው ለልጁ የሰጠው ትልቁ ክብር ይህ ጥያቄ ነው ብዬ ነው የማየው፤ ኮዱን እንደ ባልደረባ ኮድ ነው ያነበበው። ልጁ በ36ኛው የቀሩትን ጨምሮ መለሰ። 37ኛው ማሻሻያውን ወደ ከርነሉ ላከው ሲል 38ኛው አዲሱ ከርነል ቀድሞ ስላለው የሚላክ ነገር እንደሌለ አስረዳ።

የመጨረሻዎቹ ምላሾች ስለ ቀጣዩ ትምህርት ናቸው። መምህርቷ ኪውኢሙ በተባለው የኮምፒውተር አስመሳይ ውስጥ ድራይቨር ለማስተማር ተብሎ የተሠራ፣ ኤዱ የሚባል መሣሪያ እንዳለ ነግራው ነበር። ዕቃ መግዛት አይጠይቅም፤ ከርነሉ ቢወድቅ የሚወድቀው አስመሳዩ ውስጥ ያለው ነው። መሣሪያው አንድ ቁጥር ሲጻፍለት ቢቶቹን ገልብጦ ይመልሳል፤ በሕይወት መኖሩ የሚፈተሸው እንዲህ ነው። በሌላ ሬጅስተር ቁጥር ሲሰጠው ፋክቶሪያሉን ያሰላል። ልጁ 5 ሰጥቶ 120 አገኘ። እስከ 12 ድረስ ሁሉም ትክክል ነበር፤ 13 ላይ ውጤቱ ከ32 ቢት ስለሚበልጥ የማይታመን ቁጥር መጣ፤ ምክንያቱንም ራሱ አወቀው።

በ41ኛው ላይ ያመጣው ችግር ኢንተራፕት፣ መሣሪያው ኮምፒውተሩን አቋርጦ የሚጠራበት ምልክት፣ ነበር። መሣሪያው ስሌቱን ሲጨርስ እንዲያሳውቀው አድርጎ፣ የሚቀበል ፈንክሽን ጽፎ ሲሞክር ፈንክሽኑ ማቆሚያ በሌለው ሁኔታ ደጋግሞ ተጠራ፤ አስመሳዩም ደረቀ። መሐንዲሱ በ42ኛው፣ ከመምህርቷ ቀድሞ፣ መለሰለት። መሣሪያው ጥሪውን የሚያነሣው ሰሚ እስኪያገኝ ነው፤ ሰማሁ ካልተባለ አያቆምም። ፈንክሽኑ በቅድሚያ የኢንተራፕቱን ሁኔታ በሄክሳዴሲማል 24 ከሚገኘው ሬጅስተር ያንብብ፤ ዜሮ ከሆነ የእሱ መሣሪያ ጥሪ ስላልሆነ ለሌላው ይተወው፤ ካልሆነ ያነበበውን ያንኑ ቁጥር በ64 ወደሚገኘው ይጻፈው። እዚያ ውስጥ እንቅልፍ የሚያስወስድ ምንም ነገር አይጥራ፤ ረጅም ሥራ ካለ ለኋላ ወረፋ ያስይዘው። ፋብሪካ ውስጥ ያሉት ማሽኖችም በዚሁ ሕግ እንደሚሠሩ ጨመረ፤ ኢንተራፕቱ ሲገባው ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ አንዱን ማየት እንደሚችልም ነገረው።